ለአነስተኛና ኃይል ቆጣቢ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ እንዴት ይመረጣል?

ኮምፒውተሩን በራሱ ለመገጣጠም የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡ የሚያርፈው በፕሮሰሰሩ፣ በራሙና በዲስኩ ላይ ነው። የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ወደሚስማማ ዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚለውጠው ፓወር ሰፕላይ በመጨረሻ፣ በተረፈው ገንዘብ የሚገዛ፣ አለዚያም ከኬዙ ጋር ተያይዞ የመጣው ይበቃል ተብሎ የሚታለፍ ዕቃ ነው። ኮምፒውተሩ ትንሽ ሲሆን ይህ ቸልታ ይብሳል፤ ይህን የሚያህል ማሽን ምን ያህል ኃይል ሊፈልግ ይችላል የሚል አስተያየት ሰፍኗልና። ሆኖም ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ የሚሠራ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ለምሳሌ የቢሮ ፋይል ማከማቻ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የትምህርት ቤት ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ወይም የሱቅ ሽያጭ መመዝገቢያ፣ በየወሩ የሚያስቆጥረውን ኪሎ ዋት ሰዓት፣ የሚያሰማውን ድምፅና መብራት ሲጠፋና ሲመለስ የሚደርስበትን ጉዳት በአብዛኛው የሚወስነው ፓወር ሰፕላዩ ነው።

ስለዚህ ምርጫው በካርቶኑ ላይ በጉልህ በተጻፈው ዋት ሳይሆን በሦስት ነገሮች መመሥረት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ እነርሱም ኮምፒውተሩ በከባድ ሥራ ላይ የሚወስደው ከፍተኛ ኃይል፣ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ የሚወስደው ዝቅተኛ ኃይል እና የሚሰካበት ቤት ኤሌክትሪክ ጠባይ ናቸው። ለማሳያ የሚሆነን የኢንቴል ኤን100 ፕሮሰሰር በላዩ የተበየደበት ሚኒ አይቲኤክስ ማዘርቦርድ፣ አንድ ራም፣ አንድ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) እና ሁለት ባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስኮች ያሉት የፋይል ማከማቻ ኮምፒውተር ነው። ሚኒ አይቲኤክስ ስፋቱ 170 በ170 ሚሊ ሜትር የሆነ ማዘርቦርድ ሲሆን፣ ለአነስተኛ ኮምፒውተር ገጣጣሚዎች በጣም የተለመደው መጠን ነው።

ሒሳቡ የሚጀመረው ከላይኛው ጫፍ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። በፕሮሰሰሩ መግለጫ ላይ የሚገኘው የዋት ቁጥር ፕሮሰሰሩ ሊወስድ የሚችለውን ከፍተኛ ኃይል አያሳይም። ኢንቴል ኮር አይ5-12400ቲ 35 ዋት ተብሎ ቢሸጥም፣ አምራቹ ራሱ ለአጭር ጊዜ እስከ 74 ዋት ሊወስድ እንደሚችል ይገልጻል፤ «ቲ» የሌለው ወንድሙ አይ5-12400 ደግሞ ከ65 ተነሥቶ 117 ዋት ይደርሳል። በኤኤምዲ በኩል 65 ዋት የተባሉት የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች በሶኬታቸው በኩል እስከ 88 ዋት እንዲወስዱ ተፈቅዶላቸዋል። የእኛ ኤን100 በመግለጫው 6 ዋት ነው፤ ይሁን እንጂ ብዙ የማዘርቦርድ አምራቾች ለአጭር ጊዜ ወደ 25 ዋት እንዲወጣ አድርገው ያስተካክሉታል። ለሒሳባችን የምንወስደው ይህን ትልቁን ቁጥር ነው።

ሁለተኛው የሚዘነጋ ነገር ሃርድ ዲስክ ሲነሣ የሚወስደው ኃይል ነው። ባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ አንዴ ከተሽከረከረ በኋላ ከ5 እስከ 8 ዋት ቢበቃውም፣ ከቆመበት ተነሥቶ ፍጥነቱን እስኪይዝ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ፓወር ሰፕላዩ ከሚያወጣቸው መስመሮች በአንዱ፣ በ12 ቮልቱ ላይ እስከ 2 አምፒር፣ ማለትም እስከ 24 ዋት ይስባል። ሁለት ዲስክ አንድ ላይ ሲነሣ 48 ዋት ነው። ፓወር ሰፕላዩ ይህን መሸከም ካልቻለ ኮምፒውተሩ ቁልፉ በተጫነ ቁጥር ይነሣና ወዲያው ይጠፋል፣ ወይም ከሁለቱ ዲስኮች አንዱ አንዳንዴ ይታያል፣ አንዳንዴ አይታይም። ባለቤቱ በዚህ ጊዜ የሚጠረጥረው ዲስኩን ወይም ማዘርቦርዱን ነው፤ ጤነኛ ዲስክ «ተበላሽቷል» ተብሎ የሚለወጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን እንደምረው። ፕሮሰሰሩ 25፣ ማዘርቦርዱ ከኔትወርኩ ጋር 8፣ ራሙ 3፣ ኤስኤስዲው 6፣ ሁለት ፋኖች 4፣ እያንዳንዳቸው እስከ 0.9 አምፒር ሊሰጡ የሚችሉ ሁለት ዩኤስቢ ሶኬቶች 9 ዋት ብንል 55 ዋት ይሆናል። ዲስኮቹ ሲነሡ የሚወስዱት 48 ሲጨመር 103 ዋት ደረሰ፤ ከተነሡ በኋላ ግን ድምሩ ወደ 71 ዋት ዝቅ ይላል። ፕሮሰሰሩ ሙሉ ጉልበቱን የሚጠቀምበትና ዲስኮቹ የሚነሡበት ጊዜ እምብዛም ስለማይገጣጠም፣ እውነተኛው ከፍታ ከ103 ያንሳል። ስለዚህ ለዚህ ማሽን ከ120 እስከ 150 ዋት ያለው፣ በእርግጥም ያን ያህል የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ምቹ ነው። ግራፊክስ ካርድ የሚጨምር ሰው ከማዘርቦርዱ ቀዳዳ ብቻ ኃይል ለሚወስድ ካርድ እስከ 75 ዋት ይጨምርበት፤ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የሚፈልግ ካርድ ካሰበ ግን እዚህ ከምንነጋገርበት ክልል ወጥቷል።

ይህን ማሽን በ500 ዋት ፓወር ሰፕላይ ቢያስነሡት ያለ ችግር ይነሣል። ጉዳቱ የሚታየው ከታችኛው ጫፍ ሲታይ ነው፤ ለኃይል ቆጣቢ ኮምፒውተር ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው ይህ ጫፍ ነው ባይ ነኝ። የፋይል ማከማቻ ኮምፒውተር ከ24 ሰዓቱ አብዛኛውን የሚያሳልፈው ሥራ ፈትቶ ነው፤ ዲስኮቹ እየተሽከረከሩ ቢቆዩ እንኳ የእኛ ማሽን በዚያ ጊዜ የሚወስደው ወደ 20 ዋት ገደማ ነው። ይህ ከ500 ዋት 4 በመቶ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ በፓወር ሰፕላይ ካርቶን ላይ የሚታተመው፣ ብቃትን የሚያመለክተው የ80 ፕላስ ምልክት ምን እንደሚል በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። ብቃት ስንል ፓወር ሰፕላዩ ከግድግዳው ከወሰደው ኃይል ውስጥ ለኮምፒውተሩ የሚያደርሰው ድርሻ ማለታችን ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። የ80 ፕላስ ፍተሻ ብቃቱን የሚለካው ፓወር ሰፕላዩ ከአቅሙ 20፣ 50 እና 100 በመቶ ሲጫን ነው። በ115 ቮልት ሲፈተን ብሮንዝ የተባለው 82፣ 85 እና 82 በመቶ፣ ጎልድ የተባለው 87፣ 90 እና 87 በመቶ ማምጣት አለበት። በ10 በመቶ ጭነት ላይ መፈተን ግዴታ የሆነበት ቲታኒየም የተባለው ደረጃ ነው። እንግዲህ ማሽኑ 4 በመቶ ላይ ተቀምጦ ውሎ ቢያድር፣ በካርቶኑ ላይ ያለው የወርቅ ምልክት ስለዚያ ሁኔታ ምንም አይናገርም። በዚያ ዝቅታ ላይ አንዱ ጎልድ ከሌላው ጎልድ በእጅጉ ሊለያይ ይችላል፤ ርካሽና ትልቅ የሆነው ደግሞ ከ70 በመቶ በታች መውረዱ የተለመደ ነው።

በቁጥር እንየው። 20 ዋት የሚፈልግ ማሽን ብቃቱ በዚያ ጭነት 65 በመቶ በሆነ ፓወር ሰፕላይ ሲሠራ ከግድግዳው ወደ 31 ዋት ይወስዳል፤ በዓመት 270 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ብቃቱ 85 በመቶ ከሆነ ግን 23.5 ዋት፣ በዓመት 206 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ 64 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ቆጣሪ ላይ ይህ ብዙ አይመስል ይሆናል፤ ማሽኑ በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚያቆይ መሣሪያ)፣ በባትሪ ወይም በሶላር ሲሠራ ግን ያው ልዩነት ባትሪው የሚያቆይበትን ጊዜ የሚያሳጥር ነው፤ እንዲሁም ያለ ፋን እንዲሠራ በታሰበ ጠባብ ኬዝ ውስጥ 11 ዋት ሙቀት ያለማቋረጥ መልቀቅ ቀላል ነገር አይደለም።

የታችኛው ጫፍ ሌላም አደጋ አለው። በአሮጌ አሠራር የተሠሩ ፓወር ሰፕላዮች የ12 እና የ5 ቮልት መስመሮችን በአንድ ላይ ስለሚቆጣጠሩ፣ ጭነቱ በጣም ሲያንስ ወይም በአንዱ መስመር ብቻ ሲከማች ቮልቴጁ ከልኩ ይወጣል። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሃስዌል የሚባሉት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በእንቅልፍ ሁኔታ በ12 ቮልት መስመር ላይ እስከ 0.05 አምፒር ድረስ መውረድ በመጀመራቸው፣ አንዳንድ አሮጌ ፓወር ሰፕላዮች ኮምፒውተሩ የጠፋ መስሏቸው ራሳቸውን ያጠፉ ነበር። ከአሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር የተፈታ ፓወር ሰፕላይ በአዲስ ኃይል ቆጣቢ ማዘርቦርድ ላይ የሚገጥም ሰው፣ ማሽኑ ያለ ምክንያት ሥራ በፈታበት ሰዓት ቢጠፋበት መጀመሪያ የሚፈትሸው ይህን ይሁን።

ወደ ቅርጹ እንለፍ። ኤቲኤክስ የሚባለው መደበኛው የፓወር ሰፕላይ መጠን 150 በ86 ሚሊ ሜትር ፊት ያለውና ርዝመቱ ከ140 ሚሊ ሜትር የሚጀምር በመሆኑ በአነስተኛ ኬዝ ውስጥ አይገባም። ኤስኤፍኤክስ 125 በ63.5 በ100 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥራት ያላቸው ምርቶች በብዛት የሚገኙበት ይህ ነው፤ ችግሩ አብዛኞቹ ከ450 ዋት በላይ መሆናቸው ነው። ቲኤፍኤክስ ቀጭንና ረጅም ሆኖ ጠፍጣፋ የቢሮ ኬዞች ውስጥ ይገኛል። ፍሌክስ ኤቲኤክስ 81.5 በ40.5 በ150 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በጣም ትንሽ ቦታ ይበቃዋል፤ ነገር ግን 40 ሚሊ ሜትር የሆነችው ፋኑ በፍጥነት እየዞረች ስለምትጮህ መኝታ ቤት ወይም ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ለሚቀመጥ ማሽን አልመርጠውም።

ከ150 ዋት በታች ለሆነ ማሽን በእኔ ግምት ከሁሉ የሚሻለው ሥራውን ለሁለት የሚከፍለው አሠራር ነው። ከውጭ የሚቀመጥ፣ የላፕቶፕ ቻርጀር የመሰለ አዳፕተር የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ 12 ቮልት ይለውጠዋል፤ በውስጥ ደግሞ በማዘርቦርዱ ባለ 24 ፒን ሶኬት ላይ በቀጥታ የሚሰካ ጣት የምታህል ሰሌዳ 5 እና 3.3 ቮልቱን ታወጣለች። በዚህ ዓይነት በጣም የታወቀችው ፒኮ ፒኤስዩ የምትባለው ናት። ፋን የለም፣ ከኬዙ ውስጥ ሙቀት ይቀንሳል፣ አደገኛው ቮልቴጅም ከኬዙ ውጭ ይቀራል፤ ቢበላሽም ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው አዳፕተሩ ስለሆነ መለወጡ ቀላል ነው።

ሆኖም ስለነዚህ ሰሌዳዎች አንድ ነገር በሚገባ መታወቅ አለበት። ባለ 12 ቮልት መግቢያ ብቻ ያላቸው ተራዎቹ ሰሌዳዎች የ12 ቮልቱን መስመር ራሳቸው አያስተካክሉትም፤ ከአዳፕተሩ የመጣውን እንዳለ ለማዘርቦርዱና ለሃርድ ዲስኩ ያሳልፉታል። አዳፕተሩ ጭነት ሲበዛበት ወደ 11 ቮልት ቢወርድ ዲስኩ የሚያገኘው ያንኑ 11 ቮልት ነው። የኤቲኤክስ ደንብ የሚፈቅደው 5 በመቶ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ማለትም ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ብቻ ነው። እንግዲህ ውድ ሰሌዳ ገዝቶ ከርካሽ አዳፕተር ጋር ማገናኘት ገንዘቡን በተሳሳተ ቦታ ማዋል ነው፤ ከሁለቱ የበለጠ ገንዘብ የሚገባው አዳፕተሩ ነው።

አዳፕተር ሲገዙ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ በትዕግሥት ያንብቡ። የመግቢያው መስመር ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50 እና 60 ኸርዝ ማለት አለበት። የመውጫው ቮልትና አምፒር ሲባዛ ዋቱን ይሰጣል፤ 12 ቮልት 10 አምፒር ከሆነ 120 ዋት ነው። ቀጥሎ በክብ ውስጥ የተጻፈውን የሮማውያን ቁጥር ይፈልጉ። ቁጥር ስድስት ከሆነ በአሜሪካ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸናውን የብቃት ደንብ ያሟላል ማለት ነው፤ ከ49 እስከ 250 ዋት ላሉት ይህ ደንብ ቢያንስ 88 በመቶ አማካይ ብቃትና ያለ ጭነት ሲቀመጥ ከ0.21 ዋት ያልበለጠ ፍጆታ ይጠይቃል። ቁጥሩ ተመስሎ ሊታተም ስለሚችል በራሱ ዋስትና አይሆንም፤ የሌለበት ግን ባይገዛ ይሻላል። ክብደቱንም በእጅዎ ይመዝኑት፤ 120 ዋት ተብሎ እንደ ስልክ ቻርጀር የቀለለ አዳፕተር የጎደለው ነገር አለ።

የአዳፕተሩ ጫፍም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ክብ ጫፎች በመልክ ቢመሳሰሉም በውጭ 5.5 ሚሊ ሜትር ሆነው በውስጥ 2.1 ወይም 2.5 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ባለ 2.5ው ጫፍ በባለ 2.1 ሶኬት ውስጥ ስለሚገባ የተስማማ ይመስላል፤ ግን ልል ስለሆነ ግንኙነቱ ይቆራረጣል፣ ይግላል፣ ቀስ በቀስም ፕላስቲኩን ያቀልጣል። ብዙዎቹ ክብ ሶኬቶች የተሠሩት ለ5 አምፒር ገደማ በመሆኑ፣ በ12 ቮልት ከ60 ዋት በላይ ያለማቋረጥ ለሚወስድ ማሽን ባለ 4 ፒን ጫፍ ያለው ቢፈለግ ይመረጣል። ፖዘቲቩ በመካከል መሆኑን የሚያሳየውን ሥዕልም ሳያዩ አይሰኩ።

አንዳንድ ቀጫጭን ማዘርቦርዶች ባለ 24 ፒን ሶኬት ጭራሽ የላቸውም፤ 19 ቮልት በቀጥታ ይቀበላሉ። ለእነዚህ የላፕቶፕ አዳፕተር ይበቃል፤ በ19 ቮልት ለተመሳሳይ ዋት የሚያልፈው አምፒር ስለሚያንስ የገመድና የሶኬት ሙቀትም ይቀንሳል። ያገለገሉ የቢሮ ሚኒ ኮምፒውተሮችን ለሚገዙ ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። የዴል 19.5 ቮልት አዳፕተር በመካከሉ የአዳፕተሩን ማንነት የምትናገር ቀጭን ፒን አለችው፤ ኮምፒውተሩ ካላወቀው ሲነሣ ማስጠንቀቂያ ያሳያል፣ ፕሮሰሰሩንም ያዘገየዋል። የሌኖቮ ደግሞ 20 ቮልትና አራት ማዕዘን ጫፍ ነው። ማሽኑን ያለ አዳፕተሩ በርካሽ መግዛት ትርፍ የሚመስለው ትክክለኛውን አዳፕተር ለብቻው እስኪፈልጉ ድረስ ነው። ራዝቤሪ ፓይ 5 በተባለችው በአንዲት ትንሽ ሰሌዳ ላይ ባለች ኮምፒውተር የሚሠሩም 5.1 ቮልት 5 አምፒር የሚሰጠውን የራሱን አዳፕተር ይያዙ፤ 3 አምፒር ብቻ በሚሰጥ ቻርጀር ቢነሣም ለዩኤስቢ ዕቃዎች የሚያካፍለውን ኃይል ወደ 0.6 አምፒር ይቀንሰዋል፣ የውጭ ዲስክም አያስነሣም።

በውስጥ የሚገጠም ፓወር ሰፕላይ የሚመርጥ ሰው ከጠቅላላው ዋት ይልቅ የ12 ቮልቱን አምፒር ይመልከት። ዛሬ ፕሮሰሰሩም፣ ግራፊክስ ካርዱም፣ የሃርድ ዲስኩ ሞተርም የሚሠሩት በ12 ቮልት ነው። ጎኑ ላይ 500 ዋት ተብሎ በሠንጠረዡ ውስጥ የ12 ቮልቱ 15 አምፒር ከሆነ፣ በሚያስፈልገው መስመር ላይ ያለው 180 ዋት ብቻ ነው። ሠንጠረዡ ጭራሽ ከሌለ ዕቃውን መልሰው ያስቀምጡት። ስለ አምራቹ ስም ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ዋስትና የሚሰጥና ሞዴሉ በገለልተኛ ወገን ተፈትኖ ውጤቱ የሚገኝለት ከሆነ በቂ ነው።

የቤቱ ኤሌክትሪክ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው፤ በአሜሪካ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ አሮጌ ወይም ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ሊኖረው ይችላል፤ 115 ላይ እንዳለ በ220 ቢሰካ በቅጽበት ይቃጠላል። ማብሪያ የሌለውና ከ100 እስከ 240 የሚቀበለው ይህ ችግር የለበትም፤ ከዚህም በላይ ቮልቴጅ ሲወርድና ሲወጣ ሳይጠፋ ይችላል። ማታ ማታ ቮልቴጅ ወደ 170 በሚወርድበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ሰፊ መግቢያ ከማንኛውም የወርቅ ምልክት ይበልጣል። መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚከተለውን የቮልቴጅ ንረት ግን ሰፊ መግቢያ ብቻውን ስለማያቆመው፣ ጥሩ መከላከያ ያለው ዲቫይደር ወይም ዩፒኤስ ከፊቱ ይቀመጥ።

ቤትዎ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ ሽቦ) ከሌለው ብረት ኬዙን ሲነኩ የሚነዝርዎት ኮምፒውተሩ ስለተበላሸ አይደለም። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ ያለው ማጣሪያ ከፌዝና ከኒውትራል ወደ ኬዙ የተገናኙ ትናንሽ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ ለጊዜው የሚይዙ ክፍሎች) ስላሉት፣ ኧርዙ ሲቋረጥ ኬዙ የቮልቴጁን ግማሽ፣ 110 ቮልት ገደማ ይይዛል። የሚያልፈው ከረንት በጣም ጥቂት ነው፤ ሆኖም የኔትወርክና የኤችዲኤምአይ ገመድ ሲሰኩ መሣሪያውን ሊጎዳ ይችላል፤ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ እውነተኛ ብልሽት ቢደርስ ደግሞ ሰው የሚያድነው ያ ኧርዝ ነበር። ባለ ሦስት ሽቦ ገመዱን ወደ ሁለት በሚቀንስ ማገናኛ ከመሰካት ይልቅ ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ኧርዝ ማስገባት ይገባል።

በደጋው ለምንኖር የሚያስፈልግ ነገር ግን እምብዛም የማይነገር ጉዳይ አለ። በብዙ አዳፕተሮች ጀርባ የተራራ ሥዕልና 2,000 ሜትር የሚል ቁጥር ታትሟል፤ ዕቃው የተሠራው ከዚያ ከፍታ በታች ለሚውል አገልግሎት ነው ማለት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ሁለት ነገር ይሆናል፤ ሙቀት የማንሣት አቅሙ ይቀንሳል፣ በሁለት የኤሌክትሪክ ክፍሎች መካከል ያለው የአየር ክፍተት የሚሰጠው መከላከያም ይደክማል። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ መከላከያ ደንብ መሠረት ለ3,000 ሜትር የሚሠራ ዕቃ ይህን ክፍተት በ14 በመቶ ማስፋት አለበት። እንዲህ ሲባል ባለ 2,000ው አዳፕተር አዲስ አበባ ላይ ወዲያው ይፈነዳል ማለት አይደለም፤ የጥንቃቄ ትርፉ ተበልቷል ማለት ነው። ምርጫ ካለ 5,000 ሜትር የተጻፈበትን ይውሰዱ፤ ከሌለ ደግሞ አዳፕተሩን ከአቅሙ ሁለት ሦስተኛ በላይ ሳይጭኑ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ያኑሩት።

ዩፒኤስ የሚጠቀም ሰው ስለ ሁለት ነገሮች ያስብ። መብራት ሲጠፋ ተራው ዩፒኤስ ወደ ባትሪ የሚዞረው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው፤ የኤቲኤክስን ደንብ የሚያሟላ ፓወር ሰፕላይ በሙሉ ጭነትም ከዚያ በልጦ ስለሚቆይ ክፍተቱን ይሻገረዋል፤ የርካሹ ካፓሲተር ግን ትንሽ በመሆኑ ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ እያለው ይጠፋል። ሁለተኛው የሞገዱ ቅርጽ ነው። ርካሽ ዩፒኤሶች የሚያወጡት፣ የግድግዳውን ለስላሳ ሞገድ ለማስመሰል የተሠራ ሞገድ አንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮችን ያስደነግጣቸዋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ሳይሞክሩ መግዛት አይመከርም።

ኮምፒውተሩ በእርግጥ 20 ዋት ብቻ የሚወስድ ከሆነ ግን የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 አውጥቶ እንደገና ወደ 12 ማውረድ ኃይሉን ሁለት ጊዜ ማባከን ነው። ከ6 እስከ 30 ቮልት የሚቀበሉ ሰፊ መግቢያ ያላቸው ሰሌዳዎች አሉ፤ ከባትሪው ጋር በቀጥታ መገናኘት ያለባቸው እነዚህ ብቻ ናቸው። ባለ 12 ቮልት የሚባል ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ 14.4 ቮልት ይደርሳል፣ ሲያልቅ ከ11 በታች ይወርዳል፤ ተራዋ ፒኮ ሰሌዳ ይህን ሁሉ ለዲስኩ ስለምታሳልፍ ወይም ራሷን ስለምታጠፋ ለዚህ አትሆንም። 12.8 ቮልት 20 አምፒር ሰዓት የሆነ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ 256 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ከዚህ 90 በመቶውን ብንጠቀምና ሰሌዳው 90 በመቶ ብቃት ቢኖረው የእኛን ማሽን ከ10 ሰዓት በላይ ያቆየዋል። ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ መኖሩ ግዴታ ነው፤ ሊቲየም ባትሪ ሽቦው ቢገናኝ የሚለቀው ከረንት እሳት ለማስነሣት ከበቂ በላይ ነው።

የውስጥ ገመዶችንም ሳይመለከቱ አይዝጉ። ትናንሽ ፓወር ሰፕላዮች ለዲስክ ኃይል የሚሰጠው የሳታ ገመድ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ስላላቸው ከሞሌክስ (ባለ አራት ሽቦው አሮጌ ጫፍ) ወደ ሳታ የሚቀይር ማገናኛ መግዛት የተለመደ ነው። ከነዚህ ውስጥ ፕላስቲኩ በሽቦዎቹ ላይ ቀልጦ የተፈሰሰባቸው ርካሾቹ ከጊዜ በኋላ ውስጥ ለውስጥ ተገናኝተው እሳት በማስነሣት ይታወቃሉ፤ ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ተለይተው የተሰኩባቸውን ይምረጡ። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን በምንም ምክንያት አይክፈቱ፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ፍተሻው አንድ ምሽት አይፈጅም። በሶኬትና በገመዱ መካከል የሚገባ የዋት መለኪያ ይሰኩና ኮምፒውተሩ ሲነሣ፣ ሥራ ሲፈታና ፕሮሰሰሩንም ዲስኮቹንም በአንድ ጊዜ ሲያሠሩት የሚያሳየውን ቁጥር ይመዝግቡ። በዚሁ ከባድ ሥራ ላይ ሳለ በመልቲሜትር ከተረፈ የሞሌክስ ጫፍ ቢጫውንና ጥቁሩን ሽቦ ይለኩ፤ ከ11.4 ቮልት በታች ከወረደ አዳፕተሩ ወይም ገመዱ አቅም አንሶታል። ቀዩና ጥቁሩ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መሆን አለበት። ከአንድ ሰዓት ከባድ ሥራ በኋላ አዳፕተሩን በእጅዎ ይዘው ማቆየት ካቃተዎት ከፍ ባለ ዋት ይለውጡት። በመጨረሻም ዲስኮቹ ሙሉ በሙሉ ከቆሙ በኋላ ኮምፒውተሩን ደጋግመው ከቀዝቃዛ ሁኔታ ያስነሡት፤ ሁለቱም ዲስኮች ሁልጊዜ ከተገኙ ኬዙን መዝጋት ይቻላል።